ጾመኞቹ የበሉበት ማክሰኞ

ተራራ እፈራለሁ። ላ ፓዝ ተወልዶ ተራራ መፍራት ዓሣ ሆኖ ውሃ መፍራት ነው እያሉ የሚኒባስ ሾፌር ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ሴኖቢዮ ላሩታ ዕድሜዬን ሙሉ በእነዚህ ቁልቁለቶች ላይ ስወጣና ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዝናብ ሲጥል ሌላው ሰው የሚሰማው ጣሪያውን ነው፣ እኔ የምሰማው ከወለሉ በታች ያለውን መሬት ነው። መሬት ውሃ ጠጥቶ ሲጠግብ ድምፅ አለው። የለውም የሚለኝ ሰው ካለ አንድ የዝናብ ወቅት እህቴ ቤት ይደርና ያውራኝ።

እህቴ አሱንታ ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። በባለ ቀለም ማዘያዋ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ ገበያ ድንች እየሸጠች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስለዚህ ፀጉሬ ሸብቶም «ዋዋ» ነው የምትለኝ፤ ሕፃን ማለቷ ነው። እኔ ሚስት አግብቼ ኤል አልቶ ሜዳው ላይ ቤት ሠራሁ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ቢሆንም ሜዳ አይናድም። እሷ ግን ሎማ ቬርዴ፣ የተወለድንበት ሰፈር ቀረች። ቤቷ የሰፈሩ የመጨረሻው፣ የታችኛው ቅያስ ላይ፣ ከገደሉ ግርጌ ተለጥፎ የተሠራ ነው። ከጣሪያዋ በላይ ቀይ አፈር፣ ከቀዩ አፈር በላይ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ በላይ ሰማይ። እዚያ ቤት ስገባ አንገቴን ቀና ማድረግ አልወድም ነበር።

ሁልጊዜ ጠዋት ተሳፋሪ ወደምጭንበት ፌርማታ ድንች ተሸክማ ስትመጣ ያው ጭቅጭቅ ነው።

«እታለም፣ እኔ ጋ ነይ። ክፍሉ ባዶ ነው።»

«አንተ ጋ ነፋስ እንጂ ምን አለ? ባርኔጣዬን ሳባርር ልኑር?»

«ገደሉ የወረደ ቀንስ?»

«ይውረድ፤ እንግዳ ነው፣ ወንበር እሰጠዋለሁ።» ከዚያ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞር ትላለች። «ይኼን ሾፌር ታያላችሁ? ሽንት ቤት ለብቻው መሄድ የጀመረው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ልንገራችሁ?»

ሚኒባሱ በሳቅ ይናጋል። እኔ ሞተሩን አስነስቼ እሄዳለሁ። ቆሽቴ ያርራል፤ ግን ምን አደርጋለሁ፣ ከእናቴ ሌላ እናት የሆነችኝ እሷ ናት። እሷ ላይ አንድ ነገር ከደረሰ እኔ ሰው አልሆንም፤ ይህን ያኔም አውቀው ነበር።

ባለፈው ደረቅ ወቅት ማይራ የምትባል ወጣት ኢንጂነር ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ገደሉ ላይ አምስት ሳጥኖች ተከለች። ከእሷ በፊትም መሣሪያ ተተክሎ ያውቃል፤ ባትሪ ነበረው። ባትሪ ያለው ነገር እኛ ሰፈር አይከርምም። ባትሪው የአንዱ ሬዲዮ ውስጥ ገባ፣ የቀረው ዕቃ የዶሮ ቤት ክዳን ሆነ። ማይራ ይህን ሰምታ ኖሮ ከመትከሏ በፊት ሰፈርተኛውን የነዋሪዎቹ ማኅበር ቤት ሰብስባ መጀመሪያ የተናገረችው ስለዚሁ ነው።

«እነዚህ ባትሪ የላቸውም። ቢፈቱም የሚሸጥ ነገር አይገኝባቸውም።»

«ታዲያ ምን በልተው ይሠራሉ?» አሉ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዶን ሩፊኖ።

«ብርሃን። ግንባራቸው ላይ ያለችው ጥቁር መስታወት ከቀኑ ብርሃን ጥቂት ጥቂት ትለቅማለች። የበቃቸው ጊዜ ይነቃሉ፣ መሬቱ ተንቀሳቅሶ ወይም እነሱ ዘምመው እንደሆነ ያያሉ፣ በሬዲዮ አንዲት ቃል ይልካሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይተኛሉ።»

«ሌሊትስ?»

«ሌሊት ይተኛሉ። በጣም ሲደምንም እንደዚሁ። የሚያስቀምጡት ስንቅ የላቸውም፣ ያገኙትን እዚያው ነው የሚጨርሱት።»

«እንደ ባሌ ናቸዋ፣ ነፍሱን ይማረውና!» አለች አሱንታ፤ ቤቱ ሳቀ። ቀጥላ ግን አንዷን ሳጥን አንስታ በመዳፏ እየደባበሰች «ምንም ሳይበላ ሊጠብቀን? ምስኪን ጾመኛ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው ጾመኞቹ ሆኖ ቀረ።

ማይራ ማኅበሩ ቤት ግድግዳ ላይ አምስት ትንንሽ አምፖሎች ያሉት ሰሌዳ ሰቀለች፤ ለየሳጥኑ አንድ አምፖል። አረንጓዴ ከሆነ መሬቱ ጸጥ ብሏል። ቀይ ከሆነ ተንቀሳቅሷል። ጣሪያው ላይ ሳይረን አለ። አንድ ሳጥን ብቻውን ቀይ ካለ ሳይረኑ አጭር ይጮኻል፤ ውሻ ገጭቶት፣ ሰካራም ተደግፎት ሊሆን ስለሚችል ሰው ልኮ ማየት ነው። ሁለት ሳጥኖች ቀይ ካሉ ግን ሳያቋርጥ ይጮኻል።

«ያኔ ጫማ አትፈልጉ፣ በር አትዝጉ» አለች ማይራ። «ሩጡ።»

«አምፖሉ ጨርሶ የጠፋ እንደሆነስ?» አልኳት። እኔ ነኝ እንግዲህ፤ ሌላ ማን ይጠይቃል?

«ፀሐይ ከሌለ ምንም አይደለም። ፀሐይ እያለ ከጠፋ ግን ደውሉልኝ።»

ዝናቡ ገባ። አምፖሎቹ በደመናው ቀን ይጠፋሉ፣ ሲገልጥ ይበራሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ ሲጠፉ እያየ ይደነግጥ ነበር። ከዚያ ለመደው። ኋላማ ዶን ሩፊኖ ሰሌዳው ላይ ኮታቸውን መስቀል ጀመሩ። እኔ ግን አልለመድኩም። በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር ኮቱን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤ «ሴኖቢዮ ደግሞ ሊያለቅስ መጣ» ይሉኛል። ለአሱንታ ደግሞ አጭር ጩኸት እንዲህ ነው፣ ረጅም ጩኸት እንዲያ ነው እያልኩ በየጠዋቱ እለፈልፋለሁ። እሷ ድንቿን እየመዘነች ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች፤ ትላለች ብዬ አስብ ነበር።

የካርኒቫል ማክሰኞ የጫልያ ቀን ነው። ያን ቀን ያለህን ሁሉ ታበላለህ፣ ታጠጣለህ፤ ቤትህን፣ መኪናህን፣ የስፌት መኪናህን፣ ምድጃህን ሳይቀር። ጥቅልል ባለ ቀለም ወረቀት ትጠመጥምለታለህ፣ አበባ ትበትንበታለህ፣ ቢራ ትረጭበታለህ። መጀመሪያ የሚፈሰው ግን ለመሬት፣ ለፓቻማማ ነው። በጫልያ ቀን ጦሙን የዋለ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ያኮርፍሃል፤ ማን ነው ኩርፊያ የሚፈልግ?

ያን ማክሰኞ ከስንት ቀን ዶፍ በኋላ ፀሐይ ወጣች። የኢሊማኒ ተራራ ከነበረዶው ከተማው ላይ ቆሞ ታየ። እኔ ማኅበሩ ቤት በር ላይ ሚኒባሴን አስጌጬ፣ ጎማዎቹን በቢራ ካጠጣሁ በኋላ ብርጭቆ ልዋስ ወደ ውስጥ ገባሁ። ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ የዶን ሩፊኖ ኮት ላይ አርፏል። እንደ ልማዴ ገለጥ አደረግሁት።

አምስቱም ጠፍተዋል።

ዓይኔን አሸሁ። ወጥቼ ሰማዩን አየሁ፤ ደመና የሚባል ነገር የለም። ተመልሼ ገባሁ። ጠፍተዋል።

«ዶን ሩፊኖ፣ ጾመኞቹ አይናገሩም!»

«ተዋቸው ባክህ» አሉ ከደጅ፣ አንገታቸው ላይ የወረቀት ጉንጉን እንዳጠለቁ። «እነሱም ካርኒቫል ላይ ናቸው።»

ማይራ ጋ ደወልኩ። ከጀርባዋ ከበሮና መለከት ይሰማል። የነገርኳትን ስትሰማ ግን ጫጫታው ራቀ፤ ወደ አንድ ጥግ ሄዳ መሆን አለበት።

«አምስቱም? በአንድ ላይ?»

«አምስቱም።»

«አንዱ ቢሆን መስታወቱ ቆሽሾ ነው እል ነበር። ዶን ሴኖቢዮ፣ የታችኛው ቅያስ ቤቶችን በር ይዩልኝ። ይዘጋ የነበረ በር አልዘጋም ያለ እንደሆነ መሬቱ እየሄደ ነው። ወደ ላይ እንዳይወጡ። እኔ መጣሁ፤ መንገዱ ሁሉ ለበዓሉ ተዘግቷል፣ በእግሬም ቢሆን መጣሁ።»

ወደ አሱንታ ቅያስ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ቅያሱ ውስጥ ጠረጴዛ ከጠረጴዛ ተገጥሞ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጦ ይበላል። አንድ የማርሽ ባንድ ግድግዳውን ተደግፎ ይነፋል፣ ልጆች ርችት ያፈነዳሉ። አሱንታ አረንጓዴ ሽንሽን ቀሚሷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋ ላይ አበባ ሰክታ፣ የቤቷን በር በእግሯ ትረግጣለች።

«ምን ሆነሽ ነው በሩን የምትረግጪው?»

«ዝናቡ አሳብጦት ነዋ። ከትናንት ወዲህ አልዘጋም ብሏል። እንዳንተ ግትር ሆነ።»

የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ።

«እታለም፣ ጾመኞቹ ጠፍተዋል። አንዱም አይናገርም። ፀሐይ ወጥታለች እኮ!»

ፊቴን አየች። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ባንዱን አሸነፈ።

«ታዲያ ይተኙ እንጂ! ዛሬ ጠግበዋል!»

«ምን?»

«በጠዋት እኔና ሴቶቹ ወጥተን አበላናቸው። ዓመቱን ሙሉ እየጾሙ የጠበቁንን በጫልያ ቀን ልናልፋቸው ነው? ምድጃዬ እንኳን በልቷል! ቢራ አጠጣናቸው፣ ከረሜላ በተንንላቸው፣ በአበባ ሸፈንናቸው፣ ወረቀት ጠመጠምንላቸው። እኔ ደግሞ በገጠር ላማ ከብቶች ጆሮ ላይ እንደሚታሰረው ቀይ የሱፍ ክር አሰርኩላቸው። ሄደህ ብታያቸው፣ ሙሽራ መስለዋል!»

እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ከአፌ ሳይሆን ከጉልበቴ የመጣ ነበር፤ መሬት ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዓይናቸውን ነው የሸፈንሽው! የሚበሉበትን!»

«እኔ ምን ላውቅ? ለማይበላ ነገር አፉ የት እንደሆነ ማን አሳየኝ?»

ማይራ ወደ ላይ እንዳትወጣ ማለቷን አልረሳሁትም። ግን ሳጥኖቹ የጠፉበት ምክንያት ከታወቀ ምን ያስፈራል አልኩ። ፍርሃት ሲለቀኝ ሁሉንም ነገር ይዞብኝ ይሄዳል፤ አልዘጋም ያለውን በር እዚያው ረሳሁት። ልውጣና ልጥረግላቸው ስል አሱንታ ማዘያዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ፣ የቢራ ጠርሙስ ይዛ ተነሣች።

«አንተ ብቻህንማ አትነካቸውም። እኔ የሰጠሁትን ሌላ ሰው አይነሣም። ይቅርታ ጠይቄ፣ ራሴ ነኝ የማነሣው።»

ወጣን። መንገዷ ባሕር ዛፎቹ መሃል የምትሄድ ቀጭን ናት፣ ጭቃዋ ገና አልደረቀም። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። «ያን ጊዜ አዝዬህ ነበር የምወጣው፣ አሁን ደግሞ ጎትቼህ» ትለኛለች። የመጀመሪያዋ ሳጥን ብረት ምሰሶዋ ላይ እውነትም ሙሽራ መስላለች፤ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወረቀት፣ ከአናቷ ላይ አንድ ፊኛ። አሱንታ ጥቂት ቢራ መሬት ላይ አፈሰሰች፣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ከዚያ ቀይ ክሩን ፈታ ወረቀቱን ገፈፈች። አበባው በቢራና በከረሜላ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። እኔ በእጅጌዬ ጠረግሁት።

ጥቁሯ መስታወት ፀሐይዋን አየች። ሁለታችንም ሕፃን ሲነቃ እንደምናይ ጎንበስ ብለን አየናት።

ታች፣ ማኅበሩ ቤት ጣሪያ ላይ፣ ሳይረኑ አጭር ጮኸ።

ከቅያሱ ጭብጨባና ፉጨት ተሰማ። ባንዱ በከበሮ መለሰለት። ካርኒቫል ነው፤ የሚጮኽ ነገር ሁሉ የበዓሉ ነው የመሰላቸው።

«ጠጥቶ ነው» አለች አሱንታ ሳጥኑን እያየች። ፊቷ ግን አይስቅም።

«እኔ ስጠርገው ነቅንቄው ይሆናል» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

አሱንታ ከምሰሶው ማዶ ወደ ሁለተኛዋ ሳጥን ታያለች።

«ሴኖ። ያንን ወረቀት አየህ?»

«የቱን?»

«ቢጫውን። በጠዋት ከዚህ ምሰሶ እስከዚያኛው እኔ ነኝ የዘረጋሁት። ነፋስ እንዲያወዛውዘው ብዬ አላልቼ ነበር፣ ሆዱ ሣሩን ይነካ ነበር።»

ወረቀቱ መሃል ለመሃል ተበጥሷል። አንዱ ጫፍ በእኛ ምሰሶ፣ ሌላው ጫፍ በማዶኛው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለቱን ጫፎች በሐሳቤ ላገናኛቸው ሞከርኩ፤ አይደርሱም። ከመሃላቸው ሣሩ ተከፍሏል። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ በገደሉ ላይ አግድም ሄዷል፣ ውስጡ ጥቁር ነው፣ ቀዝቃዛ የአፈር ሽታ ይወጣበታል። እዚያው ቆመን እያየነው አንድ የሣር ሥር ጧ ብሎ ተበጠሰ።

«በጠዋት አልነበረም» አለች።

በቁሜ ደረቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው የኖርኩት ነገር እግሬ ሥር አፉን ከፍቶ አገኘሁት።

«ሁለቱ ቀይ ካላሉ ሰዉ አይሰማም» አለች አሱንታ።

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ ነሃ! ዓመቱን ሙሉ ስትለፈልፍ አልነበር?»

ሁለተኛዋ ሳጥን ከስንጥቁ በታች፣ በሚሄደው መሬት ላይ ናት። «እኔ ልሂድ» አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ እግሬ አልተንቀሳቀሰም። አሱንታ እግሬን አየች፣ ቀና ብላ ፊቴን አየች። አልቀለደችብኝም። መቀለድ እንደሌለባት ያወቀችበት የመጀመሪያ ቀን ያ ይመስለኛል።

«አንተ የሾፌር ድምፅ አለህ። እኔ ብጮኽ ከባንዱ በላይ ማን ይሰማኛል? ውረድና አስወጣቸው። ይቺን ያለበስኳት እኔ ነኝ፣ እኔ አወልቃታለሁ።»

«እታለም፣ እባክሽ…»

«ዋዋ! ሂድ አልኩህ!»

በልጅነቴ ከእሳት ዳር ስታርቀኝ የምትቆጣኝ ቁጣ ነው። ያኔም እታዘዛት ነበር። ዞሬ ሮጥኩ። ከዛፎቹ መሃል አንዴ ብቻ ወደ ኋላ አየሁ፤ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ስንጥቁን እየተሻገረች ነበር።

ቅያሱ ውስጥ ደርሼ የመናኸሪያ ጩኸቴን ለቀቅሁት። «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! ተራራው ተከፍቷል!»

«ኧረ ሴኖቢዮ ስንት ጠጣ ዛሬ?»

«በዓይኔ አይቼ ነው! ሳይረኑን አልሰማችሁም?»

«ተራራው አንተን ባየ ቁጥር ይከፈታል!» አለ አንዱ፣ ጠረጴዛው ሙሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴት ቢራ ቀዳችልኝ። «ና ቁጭ በል፣ ልብህ ይረጋል» አለችኝ፤ ከልቧ ነው፣ አዝናልኝ ነው። ብርጭቆውን ከእጇ መታሁት። ዓመቱን ሙሉ ፈርቼባቸው የዛሬው ፍርሃቴ ከትናንቱ በምን ይለይላቸው? አንዱን በኮሌታው ጎተትኩ፣ ገፈተረኝ። ጠረጴዛ ገለበጥኩ፣ ሰደቡኝ። እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ።

ያኔ ሳይረኑ እንደገና ጮኸ። አንድ ጊዜ ብሎ ያቆማል ብለው ጠበቁ። አላቆመም።

መጀመሪያ ከበሮ መቺው ቆመ። ከዚያ መለከቶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ዶን ሩፊኖ ከማኅበሩ ቤት ወደ እኛ እየሮጡ ሲመጡ ከሩቅ እጃቸውን አውጥተው ሁለት ጣታቸውን አሳዩ። ሰዉ ያን ጊዜ ተነሣ። ሕፃን ያለው ሕፃኑን፣ ሽማግሌ ያለው ሽማግሌውን አንስቶ እግሬ አውጪኝ አለ። ምግቡ እንደተዘረጋ፣ በሮቹ እንደተከፈቱ ቀሩ። እኔ ወደ ገደሉ ስዞር ሁለት ሰዎች ከወገቤ ያዙኝ። ነከስኳቸው፣ አልለቀቁኝም።

ሲወርድ መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም። ባሕር ዛፎቹ ቆመው ተራመዱ። እንደ ቆሙ፣ ቅጠላቸው ሳይናወጥ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወደ እኛ መጡ። ከዚያ መሃላቸው ተሰበረና ድምፁ መጣ። መሬቱ ከእግሬ እስከ ጥርሴ ነዘረኝ። አቧራው ሲረጋ ቅያሱ የለም፣ ጠረጴዛው የለም፣ ያ አልዘጋም ያለው በር የለም። ሰዉ ማኅበሩ ቤት ያለበት ላይኛው መንገድ ላይ ተሰብስቦ እርስ በርሱ ስም ይጠራራ ጀመር። ሁሉም ተጠራ፣ ሁሉም አቤት አለ። እኔ የጠራሁት ስም ብቻ መልስ አጣ።

ማይራ ጭፈራው ላይ የተረጨባት አረፋ ፀጉሯ ላይ እንዳለ በእግሯ ደረሰች። አጠገቤ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ቆፈርን። ዝናቡ ተመልሶ መጣ፤ ጭቃው የቆፈርነውን እየሞላ አስቸገረን፣ ኋላም መሬቱ ገና አልረጋም ተብሎ ተከለከልን። የመጀመሪያዋ ሳጥን ተገኘች፤ ማይራ አጥባ ሌላ ቦታ ተከለቻት፣ አረንጓዴ ሆነች። የሁለተኛዋ አምፖል ጨለማ እንደሆነ ቀረ።

አንድ ሰው አረንጓዴ ሽንሽን ቀሚስ የለበሰች ሴት የአውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ግራ ገብቷት ስትዞር አየሁ አለኝ። ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ ስሙን ይረሳል አይደል? አመንኩ። ሥራዬን ትቼ መናኸሪያውን ዞርኩ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ የተኛችውን ሴት ሁሉ ባርኔጣዋን ገልጬ እያየሁ ተሰደብኩ። ሚስቴ ምግብ ትቋጥርልኛለች። በልቤ አሱንታን አንዲት ደግ ሴት ቤቷ አስገብታ ሾርባ ስትሰጣት፣ እሷም በሾርባው ስታላግጥ አያታለሁ።

አንድ ቀን ሰሌዳው ፊት ቆመን ማይራን «ሁለተኛዋ ሞታለች ማለት ነው?» አልኳት።

«እሷ የምትሞትበት ነገር የላትም ዶን ሴኖቢዮ። የሚያልቅ ባትሪ የላትም እኮ። ጨለማ ውስጥ ስለሆነች ተኝታለች እንጂ፣ ብርሃን ያገኘች ቀን…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ያለችው ነገር ለሁለታችንም እኩል ገባን።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃቴ ተገለበጠ። ድሮ አምፖሉ እንዳይጠፋ ነበር የምፈራው፤ አሁን እንዳይበራ ፈራሁ። ጠዋት ሰማዩ ሲጠራ ላብ ያሰምጠኛል። ሲደምን እተነፍሳለሁ። አምፖሉ እስከጨለመ ድረስ እህቴ መናኸሪያው ውስጥ ናት፣ ሾርባዋን እየጠጣች ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዝናቡ እንዳያቆም እየጸለይኩ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ዝናቡ አቆመ። አንድ ጠዋት ተሳፋሪ እየጫንኩ ሳለ ሳይረኑ አጭር ጮኸ።

መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ። እኔ ወደ ማኅበሩ ቤት ገባሁ። ሰሌዳው ላይ ኮት የሚሰቅል ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛዋ አምፖል ቀይ ሆናለች። ባርኔጣዬን አውልቄ ሸፈንኳት። እንደዚያ ቆምኩ፣ በእጄ ባርኔጣውን ግድግዳው ላይ ተጭኜ፣ የሚያልፍ ነገር ይመስል።

ስልኬ ጮኸ። ማይራ ናት፤ እሷም ካለችበት አይታለች።

«ዶን ሴኖቢዮ፣ አዩ?»

«ምን ትላለች?»

«በጎኗ እንደተጋደመች ነው።» አለች። «ዝናቡ ከላይዋ ያለውን አጥቦላታል መሰለኝ። ብርሃን አግኝታለች።»

ባርኔጣዬን ከአምፖሏ ላይ አንስቼ ወጣሁ። የታችኛው ቅያስ ሰዎች ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። ያን ማክሰኞ ለአጭሩ ጩኸት ያጨበጨቡት እነዚያው ናቸው። ቢራ የቀዳችልኝ ሴት አለች፣ ከበሮ መቺው አለ። ሁሉም አካፋ ይዘዋል። አንድም ሰው አልጠየቀኝም፤ ሲሄዱ እኔም አካፋ አንስቼ ተከተልኳቸው።

ሩቅ አልነበረም። ከናዳው ግርጌ፣ አንድ የተሰበረ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ጥቁሯ መስታወት ፀሐይ ላይ ታብረቀርቃለች። አበባ የለባትም፣ ወረቀት የለባትም። ንጹሕ ተደርጋ ተጠርጋለች። ቀዩ የሱፍ ክር አንዱ ጫፉ ምሰሶው ላይ እንደታሰረ ነው፤ ሌላው ጫፉ ተወጥሮ ጭቃው ውስጥ ይገባል።

ዶን ሩፊኖ ክሩን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ አካፋዬ ዘረጉ።

«ሴኖቢዮ፣ ልጄ፣ ይኼን ለእኛ ተወው። አንተ ዞር በል።»

ከላይ ከገደሉ ጠጠር ሲንከባለል ይሰማኛል። ፈርቼ ነበር፤ አካፋውን ግን አልሰጠኋቸውም።